ሽማግሌን ቁልቁል ያዩ ዓይኖች

ሰው ዓይኑን ሲያመው መጀመሪያ የሚያማክረው ሐኪም ሳይሆን ጎረቤቱን ነው። እኔም ከሰው የተለየሁ አልነበርኩም። ተክሌ እባላለሁ፤ አማን ገበያው አጠገብ፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ልብስ እሰፋለሁ። የሁለቱም ዓይኖቼ የላይኛው ሽፋን ቀስ በቀስ ወርዶ እንደ መጋረጃ እስኪጋርደኝ ድረስ ጎረቤት ያለኝን ሁሉ ሞክሬያለሁ። ዛሬ ድኛለሁ። በመካከሉ ግን የልጄ ጋብቻ ሳይጀመር ሊቀር ነበር። ይህን የምጽፈውም እንደኔ ሽፋኑ የወረደበት ሰው ካለ ከእኔ ቀድሞ እንዲነቃ ብዬ ነው።

ሲጀምር አያምም፤ ክፋቱም ይኸው ነው። መጀመሪያ ያስተዋለችው ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች ደንበኛዬ ናት። "ጋሽ ተክሌ፣ እንቅልፍ ያልጠገቡ ይመስላሉ" አለችኝ። "ሥራ በዝቶ ነው" አልኳት። እውነትም ሥራ በዝቶ ነበር፤ ትምህርት ሊከፈት ሲል የተማሪ ዩኒፎርም እንደ ጎርፍ ነው የሚመጣብኝ። ሥራው ሲቀንስ ግን እንቅልፋም መልኬ አልቀነሰም። የግራው ቀደመ፣ የቀኙ ተከተለ። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ጎንበስ ስል ጭራሽ ይብሳል፤ የልብስ ሰፊ ኑሮ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ወደ ታች ማየት ነው። ግንባሬን ሽቅብ እየሳብኩ ስሠራ ውዬ ማታ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር።

ባለቤቴ ብርቄ አላመነታችም። "ምች ነው። በልተህ አፍህን ሳትጠርግ ፀሐይ ላይ ወጥተህ ነው" አለች። ዳማከሴ ጨምቃ አሸተተችኝ፣ ግንባሬንም አሸችኝ። ሽታው ደስ ይላል፤ ሽፋኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ጎረቤቶቻችን ደግሞ "የሰው ዓይን ነው" አሉ። ጠበል ገባሁ። ለነፍሴ ጠቅሞኛል ብዬ አምናለሁ፤ ያጠመቁኝ ካህን ራሳቸው ግን ፊቴን ትክ ብለው አይተው "ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው፤ ሂድና ታይ" አሉኝ። እኝህን ካህን እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ሐኪም ቤት ሄድኩ ማለት ግን ዳንኩ ማለት አልነበረም። አንዱ ክሊኒክ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ቅባት ሰጠኝ። ሌላው ነርቭ ነው ብሎ የቫይታሚን መርፌ አዘዘልኝ፤ መርፌው መቀመጫዬን አደነደነው እንጂ ዓይኔን አልከፈተውም። ሦስተኛው መነጽር አስገዛኝ። ባደርገውም የማየው ያንኑ የሽፋኔን ጥላ ነው፤ ልዩነቱ ጥላው ጎላ ማለቱ ብቻ ነበር። አንድ ቦታ ደግሞ "ስትሮክ እንዳይሆን" አሉኝ። ለብርቄ አልነገርኳትም። ለብዙ ቀን ጠዋት ጠዋት ከመስተዋት ፊት ቆሜ አፌ ተጣሞ እንደሆነ አያለሁ፤ እጄን አነሣለሁ፣ አወርዳለሁ። ፍርሃት ለሰው ሳይነግሩት ሲቀር የበለጠ ይሰፋል።

በመጨረሻ የራሴን መላ መታሁ። የቁስል ፕላስተር በቀጭኑ እየቀደድኩ ሽፋኔን ወደ ቅንድቤ ስቤ እለጥፈዋለሁ። ያን ጊዜ አያለሁ፤ መርገብገብ ስለማልችል ግን ዓይኔ ደርቆ ቃሪያ የገባበት ይመስላል። ፕላስተሩን ስነቅለው ደግሞ ሰው ለማየት አገጬን ወደ ላይ ማንሣት ግድ ነው። አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ሽፋኑ በተወልኝ ጠባብ ቀዳዳ ቁልቁል እመለከታለሁ። ሰው ምን ይል እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። "ተክሌ ልጁ ዲግሪ ከያዘች ወዲህ አፍንጫውን ነፋ" ይሉ ነበር አሉ።

ዲግሪ የያዘችው ልጄ ማህሌት ናት። ቴፒ ታስተምራለች። እዚያ አሰፋ ከሚባል የግብርና ባለሙያ ጋር ተዋወቁ፤ ወላጆቹ የጌጫ ገበሬዎች ናቸው፣ ማር ያመርታሉ። ልጁን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ጨዋ ነው። ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ማህሌት ለእናቷ ነገረች። እንደ ወጉ እኔ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

ብርቄ ቀኑ ሲቃረብ ጭንቅ ውስጥ ገባች። በእኛ ዘንድ ልጅ ሲዳር ዘር ይጠየቃል፤ በቤቱ በሽታ አለ ወይ ተብሎ በዘወርዋራ ይጠናል። "ዓይንህን እንዳያዩት" አለችኝ። "ከዘር ነው ካሉ ልጅቷ ላይ ይተርፋል፤ ማን ለልጅ ልጁ በሽታ ይመኛል? ጥቁር መነጽር አድርግ።"

"ሽማግሌ ቤቴ መጥቶ በጥቁር መነጽር ልቀበል? ነጭ ለባሽ መሰልኩሽ?" አልኳት።

መነጽሩን ተውኩት። ፕላስተርም አልለጥፍም፤ ፊቴ ላይ ፕላስተር ያየ ሰው ምን ሆንክ ሳይለኝ አይቀርም። ምንም እንዳልሆንኩ ሆኜ ልቀበላቸው ወሰንኩ።

ሦስት ሆነው መጡ፤ ከጌጫ እስከ ቴፒ ባለው መንገድ ጭቃ ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ተረጭቷል። መሪያቸው አቶ አደሎ፣ የልጁ አባት ታላቅ ወንድም፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ወጉን ለማያውቅ ልንገር፦ ልጅ ጠያቂ ሽማግሌ በጎ ቃል ካልሰማ አይቀመጥም። የልጅ አባት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ቶሎ እሺ ካለ ልጁ የከበደችው ያስመስልበታል። "እንመካከርበት" ብሎ ቀን ይቆርጣል፤ እነሱም እንደቆሙ ይሄዳሉ። እኔም ወጉን ጠበቅሁ። እሳቸው ቆመው "ልጅዎን ለልጃችን" ሲሉ ፊታቸውን ለማየት አገጬን አነሣሁ። ረጅም ናቸውና አብዝቼ አነሣሁ። ሲጨርሱም አገጬን ሳላወርድ "እንመካከርበትና እሑድ ሳምንት ተመለሱ" አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። እጅ ነሥተው ወጡ።

በቀጠሮው እሑድ ማንም አልመጣም። ብርቄ ያዘጋጀችው ምግብ ሲመሽ ለጎረቤት ተዳረሰ። ጎረቤትም እየበላ "ምን ነው፣ ቀሩ?" ማለቱን አልተወም።

ማህሌት በሳምንቱ ከቴፒ መጣች። በረንዳው ላይ፣ ከመኪናዬ ፊት ለፊት ለደንበኛ ባስቀመጥኳት ዱካ ላይ ተቀመጠች። አሰፋ ነግሯት ነበር። አቶ አደሎ ቤታቸው ሲገቡ "ቆመን ስንለምነው ሰውየው ከአፍንጫው ጫፍ ላይ ቁልቁል አየን። ልጁን ለገጠር ሰው አልሰጥም የሚል ከሆነ በአፉ ቢናገር ይሻል ነበር" ብለዋል።

"አባዬ፣ ንቀሃቸው ነው?" አለችኝ።

በሕመሜ ዘመን ሁሉ እንደዚያ ቃል የጎዳኝ የለም። የእኔ አባት ጉራጌ አገር ትቶት በመጣው መሬት ላይ ገበሬ ነበር፤ ገበሬ የምንቅበት አፍ የለኝም። ለሥራው የለጠፍኳቸውን ፕላስተሮች ነቀልኩና አገጬን እንደ ማንኛውም ሰው ዝቅ አደረግሁ። "አሁን ምንሽ እንደሚታየኝ ታውቂያለሽ? ጫማሽ። ፊትሽ አይታየኝም" አልኳት።

ልጄ እሷ ቴፒ ከሄደች ወዲህ ዓይኔ እንዲህ መክፋቱን አታውቅም ነበር፤ ስትመጣ ደክሞኝ ነው እያልኩ አታልላታለሁ። አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ "ለምን አንነግራቸውም?" አለች። ብርቄ ከውስጥ ወጣችና "አይነገርም!" አለች። የልጅ አባትም እንደሆን የቀረ ሽማግሌ ተከትሎ አይሄድም፤ ልጄን ውሰዱልኝ ብሎ እንደመለመን ነው። እንግዲህ ምርጫዬ ሁለት ነበር፦ ኩሩ ነው መባል ወይስ ዘረ በሽተኛ ነው መባል። ሁለቱም የሚያርፉት እኔ ላይ ሳይሆን ልጄ ላይ ነው።

ማህሌት በማግስቱ ሳትጠይቀኝ ሆስፒታል ወሰደችኝ። የዓይን ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ብዙ ቆየን። አጠገቤ ከማሻ የመጡ አንድ አባት ነበሩ፤ የእሳቸው ሽፋን ወደ ውስጥ ታጥፎ ፀጉሩ ብሌናቸውን ይወጋቸዋል፤ በወረንጦ እያስነቀሉ ዓመታት ገፍተዋል። ቆሎ አውጥተው ዘገኑልኝ። "የአንተ መጋረጃ፣ የእኔ እሾህ" አሉኝ። አብረን ሳቅን። በእንዲህ ያለ ቦታ የሰው ሳቅ ግማሽ መድኃኒት ነው።

የዓይን ነርሷ እንደ ቀደሙት ብልጭ አድርጋ አይታ ወረቀት አልጻፈችም። ወደ ታች ይዩ፣ ወደ ላይ ይዩ እያለች በማስመሪያ ለካችኝ። "አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታይዎታል? ምግብ ሲውጡ ያስቸግርዎታል? ወደ ማታ ይብሳል?" ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ "አባባ፣ ይኼ በቅባት የሚድን አይደለም፤ ጅማ ያለው ስፔሻሊስት ይይዎት" ብላ ላከችኝ።

ለመንገዱና ለሕክምናው ስል ሁለተኛ የስፌት መኪናዬን ሸጥኩ። በቦንጋ አድርገን ጅማ ገባን፤ ብርቄ አብራኝ ነበረች። እዚያም ወረፋ ነው፤ ነገ ተመለሱ፣ ደም ስጡ፣ ጠብቁ። ወጣቱ ሐኪም መጀመሪያ ጓንት ውስጥ በረዶ ቋጥሮ ሽፋኔ ላይ አስቀመጠ። ግራ ገብቶኝ ሳየው አስረዳኝ፦ ጡንቻን የሚያደክም አንድ በሽታ አለ፤ እሱ ከሆነ ሽፋኑ ሲቀዘቅዝ ለጊዜው ይነሣል። የእኔ አልተነሣም። "ጥሩ ነው" አለ። አለመነሣት ጥሩ ሲሆን ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ከዚያ ነገሩን በእጁ እያሳየ ነገረኝ። ሽፋኑን የሚያነሣው ጡንቻ ደህና ነው፤ ጡንቻውን ከሽፋኑ ጋር የሚያያይዘው ጅማት ግን ሳስቶ ተላቅቋል። "እንደ ሱሪ ላስቲክ?" አልኩት። "ላስቲኩ ጤነኛ ሆኖ ስፌቱ ሲተረተር እንደሚሆነው?"

"ልክ እንደዚያ። ዓይንዎን ያሻሉ እንዴ?"

ሳስበው ዕድሜዬን ሙሉ ሳሽ ነው የኖርኩት። የጨርቅ ብናኝ በገባብኝ ቁጥር በአይበሉባዬ እፈትገዋለሁ። ዕድሜና ማሸት ተባብረው ነው ስፌቱን የተረተሩት።

ያን ጊዜ ከአማን ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ ይዤው የመጣሁትን ጠየቅሁ። "ዶክተር፣ ወደ ልጅ ይሄዳል?"

"አብሮ የሚወለድ ዓይነት አለ፤ እሱ በዘር ሊመጣ ይችላል። የእርስዎ ግን በኋላ የመጣ ነው። ከዘር አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም።"

ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ሰውዬ፣ ወጣት ሐኪም ፊት አለቀስኩ። ሐኪሙ ዞር ብሎ ወረቀት የሚፈልግ መሰለ፤ ይህም ደግነቱ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ሰው እንደሚፈራው አይደለም። የሚያደነዝዝ መርፌ ሽፋኔ ላይ ወጉኝ፤ ያቺ ታቃጥላለች፣ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ ሲነካኩኝ ይሰማኛል እንጂ አያመኝም። አያስተኙም፤ ነቅቼ ነበር። መካከል ላይ ቀና አድርገው አስቀመጡኝና "ይግለጡ፣ ጣሪያውን ይዩ፣ አሁን ይጨፍኑ" እያሉ ሁለቱ ሽፋኖች እኩል መሆናቸውን ለኩ። እኔም የደንበኛ ሱሪ ርዝመት የምለካው አስቁሜ ነው እንጂ አስተኝቼ አይደለም፤ ይኼን ሳይ ልቤ ረጋ። የተረፈውን ቆዳም ቀንሰው አነሡት፤ ለመልክ ብቻ ብለው ይህን የሚያስደርጉ ሰዎች እንዳሉ ሐኪሙ ነገረኝ። ብርቄ ይህን ስትሰማ "እንግዲያው ሙሽራው አንተ ነህ" አለችኝ።

ስንወጣ ዓይኖቼ በቅባት ተሞልተው ሁሉ ነገር ጭጋግ ነው። ጅማን ብርቄ እጄን ይዛ እየመራችኝ ነው ያለፍኩት። እንዲያ ተያይዘን ሄደን አናውቅም፤ አማን ቢሆን ሰው ይስቅብናል።

ማገገሙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሽፋኖቼ አብጠው በለዙና መኪና የገጨኝ መሰልኩ። በረዶ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ፣ ከፍ ባለ ትራስ መተኛት፣ አለማጎንበስ፣ አለማሸት። አለማሸቱ ከሁሉ ከበደኝ። ክሩ ከወጣ በኋላም ስተኛ ዓይኔ ጥቂት ክፍት ይቀር ነበር፤ ብርቄ "ተኝተህም ትጠብቀኛለህ" እያለች ቅባት ትቀባኝ ነበር። የግራው ከቀኙ ከፍ ብሎ ሲታየኝ ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ እብጠቱ ሲወርድ ተስተካከሉ። አንድ ጠዋት አጎንብሼ መርፌዬ ላይ ክር አስገባሁ፤ በአንዴ ገባ። ማንም አላየኝም፤ ብቻዬን ሳቅሁ።

ዓይኔ ዳነ፤ የልጄ ነገር ግን እንደቆመ ነበር። ማህሌት ስትመጣ ስለ አሰፋ አታነሣም፤ አለማንሣቷ ከማንሣቷ ይበልጥ ይሰማል። ሽማግሌ ተከትሎ የሄደ የልጅ አባት አላውቅም።

መንገዱን የከፈተው ሐዘን ሆነ። የአቶ አደሎ ታላቅ እህት ማረፋቸውን ማህሌት ሰምታ ነገረችን። ለቅሶ መድረስ ማንንም አያሳፍርም፤ ጠበኛ እንኳ ይደርሳል። ጠዋት ተነሥቼ በቴፒ አድርጌ ጌጫ ገባሁ።

ድንኳኑ ውስጥ ስገባ አንገቴን ደፍቼ "እግዚአብሔር ያጥናችሁ" ብዬ ጥግ ተቀመጥኩ። አንገቴን እንደደፋሁ ቆየሁ። ድሮ እንዲህ ብሆን የማየው ሣሩን ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ሽቅብ መለስ ስል የሁሉም ፊት ይታየኛል። አቶ አደሎ ከወዲያ ሆነው ያዩኛል። ቆይተው ተነሥተው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

"መጣህ" አሉኝ።

"ሐዘን ሰምቼ እንዴት እቀራለሁ?"

ጠባሳው ገና ቀላ ያለ ነበርና ዓይናቸው እዚያ ላይ ቀረ። "ዓይንህን ምን ሆንክ?"

"ተሰፋሁ" አልኳቸው። ከዚያ ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ ሽፋኑ እንዴት እንደወረደ፣ አገጬን ካላነሣሁ ሰው እንደማይታየኝ፣ ፊቴ ለቆመ ሰው ደግሞ አብዝቼ ማንሣት እንደነበረብኝ። ሐኪሙ ከዘር አይደለም ማለቱንም ነገርኳቸው፤ የሚያስቡትን ሳይጠይቁኝ ልመልስ ብዬ ነው።

አቶ አደሎ ሁለት ጣታቸውን አንሥተው የሁለቱንም ዓይናቸውን ሽፋን ቁልቁል ያዙና እኔን ለማየት ሞከሩ። አልሆነላቸውም። አገጫቸውን ቀስ እያሉ ወደ ላይ አነሡ፣ አነሡ፣ አንገታቸው እስኪታጠፍ። በዚያ ሁኔታ፣ ከአፍንጫቸው ጫፍ ላይ ቁልቁል አዩኝ። ለቀስተኛው ሁሉ ግራ ተጋብቶ ይመለከታቸዋል። ጣታቸውን ሲያወርዱ ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ከሐዘኑ ይሁን ከሌላ አላውቅም።

"እንዲህ ነበር?" አሉኝ።

"እንዲህ ነበር።"

በለቅሶ ቤት የጋብቻ ወሬ አይነሣም። ስሄድ ግን እስከ ዋናው መንገድ ሸኙኝ።

ሐዘናቸውን ከጨረሱ በኋላ አንድ እሑድ ሦስቱም መጡ። ጭቃው ያው ነው፣ ረጅሙ ሽማግሌም ያው ናቸው። ማህሌት ጓዳ ናት፤ መጋረጃው ሲነቃነቅ አየሁ። ያለፈው እንዳልነበረ ተቆጥሮ እንደ አዲስ እንዲጀመር በልጆቹ አማካይነት ተስማምተናል፤ ስለዚህ በወጉ ዛሬም የመጀመሪያው ቀን ነው፣ እሺ አይባልም። ብርቄ ይህንኑ ከጠዋት ጀምራ ስትነግረኝ ውላለች።

ቆሙ። እኔም ተነሥቼ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ቆምኩ። ከዝቅታዬ ሆኜ የጫማቸው ጭቃ ይታየኛል፣ የአቶ አደሎ የተጣጠፈ እጅም፣ ከፍ ሲል ደግሞ ፊታቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው "ዛሬ የመጣነው..." ብለው ጀመሩ።

"ተቀመጡ" አልኳቸው።

ብርቄ ክርኔን ጎሰመችኝ፤ ግን ተቀምጠው ነበር።